ልያዝልህ

ባለፈው ሳምንት መነጽር ልንለካ ሄደን ስንመለስ፣ ሃይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆምን ልጄ ሰብለ ከራሷ ቦርሳ በፊት የኔን አየችው። «አባዬ፣ ወደ ፊት አዙረዋ። ስልክህንም ከላይኛው ኪስህ አውጣውና ውስጥ ክተተው» አለችኝ። ሰብለ አርባ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት፣ የልጆች እናት ናት፣ እኔን ግን አንደኛ ክፍል እንደምታስገባው ልጅ ነው የምታዘኝ። የማልቆጣው ትእዛዙ ሁሉ የራሴ ስለሆነ ነው። በር ላይ አትቁሚ። ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ከሚጠጋሽ ሰው ራቂ። አንዱ «ልብስሽ ቆሽሿል» ብሎ ሊጠርግልሽ ሲመጣ፣ ሌላው ከኋላሽ አለ ማለት ነው። ሰው ሲገፋሽ የገፋሽን ለማየት አትዙሪ፣ መጀመሪያ እጅሽን ኪስሽ ላይ አድርጊ። ይህን ሁሉ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ እንደ ሀሁ አስጠንቻታለሁ። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ እስከ ዛሬ አንድ ነገር ተሰርቃ አታውቅም። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ሲያዋራት ግን አይቼ አላውቅም።

ሰልፉን ዞር ብዬ አየሁት። ወጣቱም አሮጊቱም ቦርሳውን ደረቱ ላይ አዙሮ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ነው የቆመው። ተራ አስከባሪው በሰልፉ መሃል እየተመላለሰ «ስልካችሁን፣ ቦርሳችሁን» ይላል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ በሰማ ቁጥር ይበልጥ ያቅፋል። ጥፋት ነው አልልም። ሌባው አለ፤ ከሰብለ መሥሪያ ቤት ብቻ ስንቱ ሰው ስልኩን ተቀምቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የዚህ ከተማ ሰው ድሮ እንዲህ አልነበረም ብዬ ለማማረር አፍ እንደሌለኝ ማወቄ ነው፤ እንዲህ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ የምሠራው ለገሃር አጠገብ፣ አንድ የጨርቃጨርቅ መጋዘን ውስጥ ነበር። ገና ላጤ ነበርኩ፤ ቤቴ መካኒሳ ነው፤ መካኒሳ ደግሞ ያን ጊዜ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራባት፣ ገበሬዎቹ ጠዋት ወተት በጣሳ ይዘው ወደ ሳር ቤት የሚወጡባት ሰፈር ነበረች። አውቶብሱ ቀይና ቢጫ ነው፤ ዋጋው አሥራ አምስት ሳንቲም። በኋላ በር ትገባለህ፣ ትኬት ቆራጩ እንደ ዶሮ ቤት በታጠረች መቀመጫው ላይ ሆኖ ትኬትህን ቀድዶ ይሰጥሃል፣ ከዚያ እየተገፋህ ወደ ፊት ሄደህ በፊት በር ትወርዳለህ። ሱሪው ከታች የሰፋ፣ ጫማው ተረከዙ የረዘመ፣ ፀጉሩ እንደ ጎፈር የቆመ ጎረምሳ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ነው የሚሄደው። ሜክሲኮ ስንደርስ አደባባዩ አጠገብ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ይለቀዋል፤ አውቶብሱ ለመቆም ሲዘገይ ዘፈኑ ከአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ አንድ ስንኝ ብቻ ሰምተን ቀሪውን እስከ ሳር ቤት እናንጎራጉረዋለን። ክረምት ሲሆን ሽታው አይረሳም፤ የረጠበ የሱፍ ኮት፣ ናፍጣና አንዱ በኪሱ የያዘው የተጠበሰ በቆሎ።

ማታ ከሥራ የሚመለስ ሰው በድምፁ ይታወቅ ነበር። ሁሉም ጠዋት ምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፣ ማታ ባዶውን ይዞ ይገባል፤ ማንኪያው ምሳ ዕቃው ውስጥ ስለሚቀር አውቶብሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቂል ቂል ይላል። ጠዋት ጸጥ ያለው አውቶብስ ማታ በማንኪያ ድምፅ ይሞላል። የኔ ምሳ ዕቃ አሉሚኒየም ነበር፤ የምይዘውም ከመርካቶ በሰባት ብር የገዛሁት፣ ቡናማ፣ ባለ ሁለት ዘለበት የሸራ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እወደው ነበር። ዘለበቱን በየሳምንቱ ቅዳሜ በአመድ እወለውለው ነበር ብል የዛሬ ልጅ ይስቅብኛል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደንብ ነበር። ማንም ያላወጀው፣ ሁሉም የሚያውቀው። የተቀመጠ ሰው የቆመውን ሰው ዕቃ ይይዝለታል። ፊትህ ቆሜ ከረጢት አንጠልጥዬ ስታየኝ «ልያዝልህ» ትለኛለህ፤ እኔም ሰጥቼህ በሁለት እጄ ብረቱን እይዛለሁ። ስምህን አላውቅም፣ ሰፈርህን አላውቅም። የሽንኩርት ዘንቢል፣ የትምህርት ቤት ደብተር፣ አንዳንዴም የሚያለቅስ ሕፃን ከእናቱ ወደማያውቀው ሰው ጭን ይሻገራል። የተቀመጠው ሰው ጉልበቱ ላይ ሦስት አራት ዕቃ ተከምሮበት አገጩን ከላይ አሳርፎ የሚሄድበት ቀን ነበር። «አይ፣ ይቅርብኝ» ማለት ነውር ነው፤ ሌባ መሰልኩህ ወይ የሚል ዓይን ያመጣብሃል።

በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አጎቴ የሰጠኝን የእጅ ሰዓት አውቶብስ ውስጥ ሰረቁኝ። እንዴት እንደወሰዱት እስከ ዛሬ አላውቅም። ባዶውን አንጓዬን ይዤ መጋዘን ስገባ ዘበኛችን ጋሽ ሞላ ከልቡ ሳቀብኝ። ጋሽ ሞላ በዚህ ነገር ፕሮፌሰር ነው፤ ስለ ኪስ አውላቂ የማያውቀው የለም። ለልጄ ያስተማርኳትን ሁሉ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። «አንተ ሰው ታምናለህ» አለኝ። «ሰው ብዙ በሆነበት ቦታ ማንንም አትመን፤ ዓይንህ ዕቃህ ላይ ይሁን፤ ዕቃህ ሲንቀሳቀስ ሳትጠራጠር ጩኽ። ከጮህክ ሕዝቡ ያግዝሃል።» በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ አንድ ዘዴ እየጨመረ አሠለጠነኝ። በወሩ ውስጥ አውቶብስ ስገባ የሰውን ፊት ትቼ እጁን ማየት ጀመርኩ። ኩራት ይሰማኝ ነበር፤ ነቅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ማን ይነካኛል እል ነበር።

ታዲያ ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከሥራ ስንወጣ ዝናቡ ይወርዳል፣ አውቶብሱ ጢም ብሏል። እየተገፋሁ እስከ ፊተኛው በር ድረስ ደረስኩ። ፊቴ የተቀመጠው ሰው የኔ እኩያ ነው፤ ቡኒ ጃኬት ለብሷል፣ ጆሮው ላይ የአናጢ እርሳስ ሰክቷል። «ወንድሜ፣ ልያዝልህ» አለኝ። ጋሽ ሞላ ትዝ አለኝና አመነታሁ። ሰውዬው እጁን እንደዘረጋ ቀረ፤ ሰውም ያይ ጀመር፤ አፈርኩና ሰጠሁት። ቦርሳዬን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው። እኔ ግን ዓይኔን ከቦርሳዬ ላይ አልነቀልኩም።

ሳር ቤት ስንደርስ የሚወርደው ሰው ብዙ ነበር። በሩ ላይ ስለነበርኩ ለሚወርዱት መንገድ ልልቀቅ ብዬ እኔም ወረድኩ፤ ወዲያው መልሼ ልገባ ስል የሚወርደው አላልቅ አለ። አውቶብሱ ትቶኝ እንዳይሄድ ሮጥኩና በኋላ በር ገባሁ፤ ለትኬት ቆራጩ የቆረጥኩትን ትኬት አሳየሁት። አሁን እኔ ኋላ ነኝ፣ ቦርሳዬ ፊት ነው፣ መሃላችን ሰው ግጥም ብሏል። በሰው ትከሻ መሃል ቡኒውን ጃኬት ብቻ አያለሁ። ቀጣዩ ፌርማታ ብስራተ ገብርኤል ነው፤ ቅርብ ነው። አውቶብሱ ሲቆም ቡኒው ጃኬት ብድግ አለ። ቦርሳዬን ይዞ ወደ በሩ ሄደ፤ ወረደ።

ጮህኩ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ሌባ! ያ ቡኒ ጃኬት! ቦርሳዬን ይዞ ወረደ! ያዙት!» አልኩ። ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ፌርማታው ላይ አውቶብስ የሚጠብቅ ሕዝብ ነበር፤ ሁሉም ዣንጥላ ይዟል። ያን ጊዜ «ሌባ» ብሎ የጮኸን ሰው ማስረጃህ የታል የሚለው የለም። እኔ በኋላ በር ተጋፍቼ እስክወርድ ድረስ ሰውዬው መሬት ላይ ነበር። በጫማ፣ በቡጢ፣ በታጠፈ ዣንጥላ። እሱ ቦርሳውን አለቀቀም፤ ሆዱ ሥር አድርጎ ተኝቶበታል። «የሰው ነው!» ይላል። «ባለቤቱ ሳር ቤት ወርዶ ቀርቷል! ልመልስለት ነው!» ይላል። እነሱ የሚሰሙት «የሰው ነው» የሚለውን ብቻ ነው፤ እንዳመነ ቆጥረው ይጨምሩለታል።

ወዲያው ገባኝ። ስወርድ አይቶኝ፣ ስመለስ አላየኝም። ረስቼው የቀረሁ መስሎት፣ በዝናብ ወደ ሳር ቤት በእግሩ ሊመለስ ነበር። ገባኝ፤ ሁሉም ነገር ግልጽ ብሎ ታየኝ። «ተዉት፣ ተሳስቼ ነው» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ሕዝቡ ፊቱን ወደኔ እንዳያዞር ፈራሁ። ከፍርሃቱ በላይ ደግሞ አፈርኩ። አንዱ ዣንጥላውን እንደ ጦር ሰበቀና በጫፉ ፊቱን ሲወጋው አየሁ። ሰውዬው ያን ጊዜ ቦርሳውን ለቆ ዓይኑን ያዘ።

አንድ ጎልማሳ ቦርሳዬን ከጭቃው አንስቶ በእጁ ጠረገና አመጣልኝ። «እንካ ወንድሜ፤ ሁለተኛ ዕቃህን ለማንም እንዳትሰጥ» አለኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። ከዚያ ራሴን ደፍቼ ከሰው መሃል ወጣሁ፤ እስከ መካኒሳ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ባዶው ምሳ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ቂል ቂል እያለ ተከተለኝ። ማንኪያውን አውጥቼ ኪሴ ብከተው ድምፁ ይቆም ነበር፤ ቦርሳውን ለመክፈት ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ለጋሽ ሞላ ሌባ አስያዝኩ ብዬ ነገርኩት። «ጎሽ፣ ሰው እንዲህ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ለመጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ አወራልኝ። በኋላ ያገባኋት ሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ታሪክ ከነውሸቱ ነው የምታውቀው። ሰብለ ሕፃን ሆና «ሌባው ትልቅ ነበር?» እያለች ታስደግመኝ ነበር። «ትልቅ ነበር» እላታለሁ። ከዚያ ወዲህ አውቶብስ ውስጥ «ልያዝልህ» ያለኝን ሰው ሁሉ «ይቅርብኝ» አልኩት። እየቆየ ሌላውም «ይቅርብኝ» ማለት ጀመረ። በስንተኛው ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳዳምጥ ማንም «ልያዝልህ» አይልም። ሰው ዘመኑን ያማርራል፣ ሌባውን ይረግማል። እኔ ዝም እላለሁ።

ወደ ሃይሌ ጋርመንቱ ቀን ልመለስ። ሰብለ ታክሲዋን ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እኔ በታክሲ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ወደ ለቡ የሚሄደውን አውቶብስ ያዝኩ። ሞልቷል፤ ቆምኩ፤ ቦርሳዬን እንደታዘዝኩት አቅፌያለሁ። ፊቴ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ከትቷል። አጠገቤ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ በሌላው የከበደ ፌስታል አንጠልጥላ ትወዛወዛለች።

«አባባ፣ ይቺን ይያዙልኝ? ጣቴን ቆረጠችኝ» አለችው።

«የሰው ዕቃ አልይዝም የኔ ልጅ» አላት። «ከፈለግሽ እነሳልሻለሁ፣ ተቀመጪ። ዕቃ ግን አልይዝም።»

«ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው» አለ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ። «ፌስታል እኮ ነው ፋዘር፤ ቦምብ አይደለም።» ሰው ሳቀ።

ሽማግሌው ቀና አለ። ግራ ዓይኑ ነጭ ነው። «ልያዝልህ ብዬ ነው ይቺን ያጣኋት» አለ። ተነሳና ለሴትዮዋ ቦታውን ለቀቀላት፤ ከኔ አጠገብ ብረቱን ይዞ ቆመ። እኔ ያቺን ነጭ ዓይን እያየሁ የብስራተ ገብርኤሉን ዣንጥላ አሰብኩ።

ለቡ መብራት ኃይል ሲወርድ ተከትዬው ወረድኩ። የኔም መውረጃ ነው፤ መውረጃዬ ባይሆንም እወርድ ነበር። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ላናግርዎት» አልኩት። ስሙ ደርቤ ነው። የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥን፤ ስለ ዓይኑ ጠየቅኩት፤ ብዙ ጊዜ የተናገረው ሰው እንደሚናገር ያለ ቁጣ ነገረኝ። አናጢ ነበር። በአንድ ዓይን ምስማሩ የት እንዳለ ልክ አይታይም፤ ሁለት ጣቱን በመጋዝ ካጣ በኋላ ሙያውን ትቶ ዘበኛ ሆነ።

«ዓይኑስ ይሁን» አለኝ። «ገብርኤል ነበር ቤቴ። ሠፈሬ ፊት ነው ሌባ ተብዬ የተደበደብኩት። ልጆቼን የሌባ ልጅ አሏቸው። ሚስቴ ከቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ አልቅሳ መጣች። ለቀን ወጣን።»

«አልነገርካቸውም?» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ማን ይሰማኛል? የሚሰሙት ባለ ቦርሳውን ነው። የጮኸው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከአውቶብሱ ውስጥ ነው ድምፁ የመጣው። ባለ ቦርሳው ግን ሳር ቤት ወርዷል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሱን ባገኘው ይመሰክርልኛል አልኩ። ዓይኔ እንደ ታሸገ ስንት ወር በሥራ መውጫ ሰዓት ሳር ቤት ፌርማታ ቆምኩ መሰለህ። መልኩን እንዳልረሳው በየቀኑ አስበዋለሁ። በኋላ ግን ጠፋብኝ።»

እኔ እነዚያን ወሮች በእግሬ ነበር የምመላለሰው፤ ወደ አውቶብስ የተመለስኩት ቆይቼ ነው። በዚያ ፌርማታ ላለማለፍ በውስጥ ለውስጥ፣ በጭቃው። ይህን አልነገርኩትም።

«ባለ ቦርሳው እኔ ነኝ» አልኩት።

ፊቱን ወደኔ አዞረ። በደህናው ዓይኑ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ያየሁበትን ነገር መቼም አልረሳውም፤ ደስታ ነበር። እጄን ያዘኝ። «አንተ ነህ? መጣህ?» አለኝ። «ልጆቼ አሁንም አሉ። ታላቁ እዚሁ ለቡ ነው፤ ትነግርልኛለህ...»

«የጮህኩትም እኔ ነኝ» አልኩት። እንዴት በኋላ በር እንደገባሁ፣ እንዴት ሲወርድ እንዳየሁት፣ ሁሉን ነገርኩት። «የሰው ነው» ሲል መስማቴን ጭምር።

እጄን ለቀቀ። እጆቹ ተመልሰው ብብቱ ሥር ገቡ። አንድ ታክሲ መጣ፣ ረዳቱ ተጣራ፣ ሰው ተጋፍቶ ገባ፣ ሄደ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝም ዝም እል ነበር።

«ምን ነበረበት?» አለኝ።

«እ?»

«ቦርሳው። ምን ነበረበት?»

ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምሳ ዕቃ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። ያንን ዓይን እያየሁ ባዶ ምሳ ዕቃ ነበር ማለት አቃተኝ። ለእሱ ስል ነው፣ ዓይኑን ያጣበት ነገር ክብደት ይኑረው ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ለኔ ነበር።

«የእናቴ ወርቅ» አልኩት። «አደራ ነበር። ለዚያ ነው እንደዚያ የሆንኩት።»

ደርቤ እጆቹን ከብብቱ አውጥቶ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ ጉልበቶቹ ላይ አሳረፋቸው። አንዱ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለም።

«ከለገሃር እስከ ገብርኤል እዚህ ላይ ነበር እኮ» አለኝ። «ማንኪያው ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር።»

ደረጃውን ተደግፎ ተነሳና ሄደ። እኔ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ እንዳቀፍኩ ቀረሁ።